ቦርሳዬ ውስጥ ያየሽው ኪኒን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም ስለ በርበሬ ዋጋ አውርተን ዘጋን።

ዘንድሮ ለጥምቀት መጥተሽ ነጠላዬን ልታወጪልኝ ቦርሳዬን ስትከፍቺ ያንን ኪኒን አየሽው። ምንም አላልሽም። ከአራት ኪሎ ጃንሜዳ ድረስ በእግራችን ስንሄድም ምንም አላልሽም። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። አዎ፣ የወሊድ መከላከያ ነው። የምወስደው ግን ለቆዳዬ ነው።

ያ እየመጣ የሚሄደው ሽፍታ ትዝ ይልሻል አይደል? ክንዴና አንገቴ ሳማ የለበለበው ይመስል ቀልቶ ያብጣል፣ አንዳንዴም ከንፈሬ ሳይቀር። አንቺ ምች ነው ብለሽ ዳማከሴ አሽተሽ አጠጣሽኝ፣ ጸበልም ወሰድሽኝ። አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ ጥፋቱ መጀመሪያ የውኃው፣ ቀጥሎ የዘይቱ ሆነ። እኔም እንቁላል ተውኩ፣ ሳሙና ቀየርኩ። የሄድኩባቸው ክሊኒኮችም ካንቺ ብዙ አልተሻሉም፤ አንዱ ቅባት ሰጠኝ፣ ሌላው የምግብ አለርጂ ነው ብሎ ሽሮ ከለከለኝ። (ሽሮ! ያኔ እንኳንም አልነገርኩሽ።)

በመጨረሻ ፒያሳ አካባቢ ያገኘኋት ሐኪም ስለምበላው ነገር አልጠየቀችኝም። «የወር አበባሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ከዚያ ሽፍታው የወጣበትንና የጠፋበትን ቀን እየጻፍኩ እንድመለስ አዘዘችኝ። አንቺ የላክሽልኝ የግድግዳ ካላንደር ላይ ማክበብ ጀመርኩ። አምና ጥቅምት ላይ በማርያም ወጣ፣ ኅዳር ላይ በገብርኤል፣ ታኅሣሥ ላይ በእስጢፋኖስ፣ ጥር ላይ በቂርቆስ። ገባሽ? የኛ ወር 30 ቀን፣ የኔ ዑደት 28፤ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። ቋሚ ቀን ስለሌለው ነው ለዓመታት ያመለጠን። ሁልጊዜ ግን የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ይወጣል፣ በመጣ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል።

በየወሩ እንቁላል ከተለቀቀች በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ማኅፀንን ለጽንስ የሚያሰናዳው እሱ ነው። ጽንስ ከሌለ ይወርድና የወር አበባ ይመጣል። የኔ ሰውነት ይህን የገዛ ሆርሞኑን እንደ ባዕድ ይቆጣዋል። ብዙ ሴት የማይይዘው ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ግን ካወቁት ቆይቷል። በፈረንጆቹ 1921 ጌበር የተባለ ሐኪም፣ እንዲህ የምትሆን ሴት የወር አበባዋ ከመድረሱ በፊት ከተቀዳው የራሷ ደም የተለየውን ፈሳሽ መልሶ ቢወጋት ሽፍታው ወጣባት። በ1964 ደግሞ ሼሊ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «አውቶኢሚዩን ፕሮጄስትሮን ደርማታይቲስ» የሚል ስም አወጣለት። ይህን ስሰማ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። «ከደምሽ ነው» ትይኝ አልነበር?

ፕሮጄስትሮን ቆዳ ውስጥ በጥቂቱ ወግቶ የሚታይ ምርመራ አለ፤ እኔ በታከምኩበት ቦታ ስለማይሠራ በካላንደሩ ነው የታወቀልኝ። መጀመሪያ ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ማሳከኩን ቀነሰው እንጂ መምጣቱን አላስቀረውም። ኪኒኑ ግን እንቁላሏ እንዳትለቀቅ ያደርጋል፤ እንቁላል ካልተለቀቀች ሆርሞኑም ከፍ አይልም። የሚገርመው፣ ኪኒኑ ውስጥ ራሱ የፕሮጄስትሮን ዘመድ የሆነ ሰው ሠራሽ ሆርሞን አለ፤ አንዳንዷን ሴት ያብስባታል። ለዚህ ነው ሐኪሟ የመጀመሪያዋን ፍሬ ዓይኗ ሥር ያስዋጠችኝና ተቀምጬ እንድቆይ ያደረገችኝ። እኔን ተስማማኝ። አራት ወር ሆነኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አንገቴ ላይ ትንሽ ወጥቶ ጠፋ።

ያልጠየቅሽኝን ጥያቄም አውቀዋለሁ። መካን አያደርግም፤ ሳቆመው እንቁላሏ ትመለሳለች። በእርግዝና ጊዜ ይህ ሆርሞን በጣም ስለሚጨምር አንዳንዶቹ ይብስባቸዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ይሻላቸዋል፤ እኔ ከየትኛዎቹ እንደምሆን ያኔ እናያለን። የሦስት ወር መርፌም ሆነ ሌላ የሆርሞን መድኃኒት ማንም ሳይጠይቀኝ እንዳይሰጠኝ ቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አልፎ አልፎ ጉሮሮ እስከመዝጋት ይደርሳልና። አንቺም ስልክሽ ላይ ያዢልኝ፤ ድንገት ታምሜ መናገር ቢያቅተኝ የምትነግሪልኝ አንቺ ነሽ።

እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እኔን አርግዘሽ ሳለ ቆዳሽ እንዴት ነበር? የሚያሳክክሽ ነገር ነበር? በዘር ይምጣ አይምጣ አይደለም ጥያቄዬ፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን ስለማናውቅ ነው።

ለአክስቴ ግን አትንገሪያት። የማኅበሩ ሴቶች ጋ ሳይደርስ አያድርም። ዳማከሴውንም መላክ እንዳትተዪ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ልጅሽ