ያቺን ፎቶ ከግድግዳሽ ላይ አውርጂልኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ በ«እንዴት ነሽ» ስጀምር ያሳፍረኛል፤ ሌላ መጀመሪያ ግን አላገኘሁም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ አይደል? ስትደውይ አይቼ ነገ እደውልላታለሁ እላለሁ፤ ነገው ሲበዛ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ፈርቼ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቁጣሽን በአካል ስንገናኝ አንድም ሳይቀር እሰማለሁ። አሁን የሚያስቸኩለኝ ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት ከቴሌግራማችን ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ አይተሽ ይሆናል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያቺን የልጄን የመስኮት ፎቶ። ከሁለታችንም በኩል ነው ያጠፋሁት፣ ሳልጠይቅሽ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ካንቺ ስልክ ላይ ዕቃ ማንሳት ሆነ፤ ይህንንም ይቅር በይኝ። አንቺ ግን አሳትመሽ፣ ፍሬም አስገብተሽ ሳሎንሽ ውስጥ ሰቅለሻታል። የምጽፍልሽም ለዚያ ነው።

ልጅቷ አሁን 13 ዓመቷ ነው። እኔን በቁመት ደርሳብኛለች፤ አንቺንማ ካለፈችሽ ቆየች፣ ስትመጪ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርገሽ ነይ። ለትምህርት ቤት ሥራ የልጅነት ፎቶ ፈልጋ ሃርድ ዲስኩን ጠየቀችኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። የኮሮናውን ጊዜ ፎልደር ስትከፍት 2,316 ፎቶ አገኘች።

እንዴት እንደጀመርኩ አንቺ ታውቂዋለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኝ ነው ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ነበር፤ እኔ ካሜራውን ያነሳሁት የሷ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት ነው። ያኔ በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ሲቀሩ፣ ከነሱ አንዷ እኔ ቤት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ታነብ ነበር። በስልክ ምን ስልሽ እንደነበር ትዝ ይልሻል? ከ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ የቀረልን ፎቶ ብዙው የሆስፒታል አልጋ ነው፣ ጭምብል ያደረገ ፖሊስ ነው፣ ነርሶች ናቸው። የሰው ቤት ውስጥ ግን እምብዛም አይታይም። ተራው ሰው እጅ የገባው የሳጥን ካሜራ ፀሐይ ካላገኘ አያነሳም ነበርና ጓዳው ጨለማ ሆኖ ቀረ። እኛ ግን በጨለማም የሚያነሳ ካሜራ እጃችን ላይ እያለ ያንን ጓዳ ባዶ ብንተወው ማን ይሞላዋል እልሽ ነበር። ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። በሩ ሥር ተደርድረው ለሳምንታት ሳይነኩ አቧራ የጠጡት ጫማዎቻችን፣ ባለቤቴ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አድርጎ ስብሰባ ሲመራ፣ ልጅቷ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋ ሳሎኑን «ቢሮ» እና «ትምህርት ቤት» ብላ ስትከፍለው። እነዚህን በማንሳቴ አልጸጸትም።

ያቺ ፎቶ ግን ሌላ ናት።

ስምንተኛ ዓመት ልደቷ ነበር። ጓደኞቿ በላፕቶፑ ላይ ተሰብስበው ሊዘምሩላት ሲጀምሩ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ጠበቀች። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደገፈች። ደመናማ ቀን ነበር፤ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ጉንጯ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ከኋላዋ ያለው ክፍል ጨልሟል። የወረቀት ዘውዷ ተንሸራቶ ጆሮዋ ላይ ቆሟል። ትንፋሿ መስታወቱን አደብዝዞት አፏ አይለይም፤ ሽፋሽፍቷ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ አንዲት እንባ ደግሞ አገጯ ጫፍ ላይ ደርሳ ሳትወድቅ ቆማለች። ሌንሱን በሰፊው ከፍቼ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። አንቺም ያኔ እንደዚያው ነው ያልሽኝ።

ልጅቷ ስታየው አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችና የየፎቶውን መረጃ እየከፈተች ሰዓቱን አሳየችኝ።

«የመጀመሪያው 16:12:07 ላይ ነው። የመጨረሻው 16:13:31። አሥራ አንድ ፎቶ። አንድ ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ቆመሽ አነሳሽኝ፣ እማ። ከዚያ የካሜራውን ጀርባ አየሽ። ከዚያ ነው የመጣሽልኝ።»

እያንዳንዱ ፋይል የተነሳበትን ሰዓት ይዞ እንደሚቀመጥ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። የካሜራውን ጀርባ ማየቴን ግን የትኛውም ፋይል አይነግርም። እሱን ያስታወሰችው ራሷ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ይዛው ኖራለች፣ እኔ ደግሞ ዞሬ የሄድኩትና ያቀፍኳት ወዲያው ይመስለኝ ነበር። ደጋግሜ ለሰው የነገርኩትም እንደዚያ ነው፤ ላንቺም ጭምር።

የቼኩን ፎቶ አንሺ ሱዴክን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣው ያ ሰውዬ፣ ፕራግ በናዚዎች እጅ ሳለች ከቤት ወጥቶ ማንሳት ሲከብደው፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ እስከ 1954 ድረስ የስቱዲዮውን መስኮት እያነሳ ኖረ። ጠል የያዘውን መስታወት፣ ከውጭ ያለችውን ጠማማ ዛፍ። እኔም ያን ቀን መስታወቱ ሲደበዝዝ ቶሎ ብሎ የመጣብኝ እሱ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ። ልጄ መሆኗ የመጣብኝ ቆይቶ ነው። ይህንን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ማታ አባቷ ሊያስታርቀን ሲገባ ጭራሽ ነገሩ በሕግ ሆነ። የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. 1989፣ አንቀጽ 16፤ የሕፃን ልጅ የግል ሕይወት ያለአግባብ አይነካም። ትምህርት ቤት ተምራዋለች። አባቷ ወደኔ አየ፣ እኔ ወደ ወለሉ አየሁ። ከዚያ «ማን ማን ጋ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ሰው ቆጠርኩላት። የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ፤ ግድግዳሽ ላይ መሆኑን ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «አክስቴ ቤት ሰው ሲመጣ ሁሉም ያየኛል ማለት ነው» አለች። አንቺን ግን አልተቆጣችሽም። አንቺ የምታውቂው እኔ የነገርኩሽን ብቻ እንደሆነ ገብቷታል።

አሁን በየቀኑ ከራት በኋላ አብረን ቁጭ እንልና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እናያለን። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሦስት ፎልደር አለ፣ «ይቆይ»፣ «ይጥፋ»፣ «ላስብበት»። እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ደርሰናል። እኔ ታጠፋዋለች ብዬ የፈራሁትን ብዙውን ታስቀራለች። ፀጉሯን ራሷ በመቀስ ቆርጣ አንድ ጎኗ የተመለጠበትን እንኳ «ይቆይ» አለችው፣ አይተሽው ከነበረ ታስታውሺዋለሽ። እኔ ቆንጆ ነው ያልኩትን ደግሞ ያለ አንድ ቃል ትጥለዋለች። ለምን ብዬ አልጠይቅም፣ ይህ ከባድ ነው፤ ምላሴን ነክሼ ነው የምቀመጠው።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ ያቺን አሮጌ ስልክ አምጥታ ቻርጅ አደረገቻት። ያኔ መጫወቻ እንድትሆናት የሰጠናት፣ ስክሪኗ የተሰነጠቀው። ውስጧ 61 ፎቶ አለ፣ ራሷ ያነሳቻቸው። የድመቷ ጭራ፣ የአባቷ ካልሲ፣ ጣሪያው፣ የራሷ ጉልበት። ዘጠኙ ላይ እኔ አለሁ። በዘጠኙም ፊቴ የለም። ካሜራው አለ፣ ሁለት እጆቼ አሉ፣ ከካሜራው በላይ ፀጉሬ አለ። አንዱ ላይ ጣቴ ቁልፉን ሲጫን ይታያል። እሷ ታች ቆማ ወደላይ ስለምታነሳ ሌንሱ ትልቅ ጥቁር ዓይን መስሏል።

ዘጠኙንም «ይቆይ» ውስጥ ከተተቻቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ላንቺ መናዘዝ አለብኝ። የመስኮቷ ፎቶ ዋናው ፋይል እስካሁን ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ። ትናንት ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት፣ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ይባስ ብሎ፣ እኔ እንደሷ አይደለሁም፣ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ እንደዚህ ያለ አሮጌ ዲስክ ላይ ያጠፋሽው ነገር ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው ያለው፣ በፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ «አጠፋሁት» ብዬ ባሳያትም ለራሴ በር ትቼ እንደሆነ ማንም አያውቅብኝም። እሷ አሳዪኝ አላለችም። እኔ ግን እያወቅሁ እንዴት ብዬ ነው ዓይኗን የማየው? ዛሬ ሌሎቹን ወደ አዲስ ዲስክ ገልብጬ ስጨርስ፣ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ሌላ ነገር እጽፍበታለሁ። ለማንም ሳልናገር ብቀር ነገ ልዋሽ እችላለሁ ብዬ ነው ላንቺ የጻፍኩት። ከጻፍኩልሽ በኋላ መመለስ አልችልም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ፎቶዋን ከግድግዳው አውርጂልኝ። ላፕቶፕሽ ላይ ያስቀመጥሽው ካለ፣ ያሳተምሽበት ቤትም ፋይሉን ይዞት እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ አስጠፊልኝ። ፍሬሙ ያንቺ ነው፣ የወደድሽውን አድርጊበት። ፎቶዋን እንደምትወጃት አውቃለሁ፤ ከኔ በላይ የምትወጃት አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም፣ ስለዚህ ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አይጠፋኝም።

ስትጨርሺ ለኔ አትንገሪኝ። ለሷ ደውዪላት። ካንቺ አፍ መስማት ትፈልጋለች፣ ቁጥርሽንም ስልኳ ላይ መዝግባዋለች። ከትምህርት ቤት የምትመለሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ታነሳለች። እሷን ጨርሰሽ እኔን ማናገር ከፈለግሽ አጠገቧ ነኝ።

ጓደኛሽ