የሲስተር ደብተሮች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እኛ ባልደረቦቻቸው «ሲስተር»፣ የገጠሩ እናቶች ደግሞ «እትዬ ሐኪም» እያልን እንጠራቸው የነበሩት አንጋፋ የኅብረተሰብ ጤና ነርስ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በቅርቡ ደሴ ላይ አርፈዋል። በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ የትውልድ፣ የትምህርትና የጡረታ ዘመናቸውን ጠቅሶ በአንድ ገጽ አለቀ። በሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ አብሬያቸው የነበርሁ ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕናና ጤና ባለሙያ) እንደመሆኔ፣ ከዚያ ገጽ የቀረውን ጥቂት ልጨምር።

ሲስተር የሠለጠኑት በ1947 ዓ.ም. በተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የኮሙኒቲ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን እንደ አንድ ቡድን ያስተምር ስለነበር፣ ከዚያ የወጣ ባለሙያ በሽተኛ እስኪመጣለት ጤና ጣቢያ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ በሽታው ወዳለበት መንደር ይወጣል።

የፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ በአገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። የወሎ ገበሬ ክትባትን አያውቅም የሚሉ ተሳስተዋል፤ ከታማሚው ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የሚከትብ የራሱ ከታቢ ነበረውና፣ በብዙ ቀበሌ የመለሱን ይህንኑ ነግረው ነው። እኔ በወጣትነት ችኮላ እከራከር ነበር። ሲስተር ግን ከባልቴቶቹ ጋር ተቀምጠው ቡናው በረካ እስኪደርስ ይጫወቱና፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ክንድ ገልጠው ጠባሳውን ያሳዩ ነበር። ብዙውን ጊዜ ልጇን ይዛ የምትቀርበው የመጀመሪያዋ ሴት የቤቱ ባለቤት ነበረች። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ባሌ ውስጥ ሲገኝ፣ ሲስተር ገና ከገጠር አልተመለሱም ነበር።

ይበልጥ ላስታውሰው የምፈልገው ግን 1977 ዓ.ም.ን ነው። በባቲና በኮረም መጠለያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እህል ነው፤ ሲስተርን ደግሞ እንቅልፍ የነሣቸው ኩፍኝና ተቅማጥ ነበሩ። በረሃብ የከሳ ሕፃን ኩፍኝ ከያዘው እህሉ እጁ ከገባ በኋላም ሊሞት እንደሚችል ስለሚያውቁ፣ ልጆች ገና ከመግቢያው እንዲከተቡ ከኃላፊዎች ጋር ደጋግመው ተሟግተዋል። የፈንጣጣው ክትባት ሙቀትን ይችል ነበር፤ የኩፍኙ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ በዚያ ሐሩር የበረዶውን ሣጥን ከራሳቸው የመጠጥ ውሃ አስቀድመው ጥላ ሥር ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥር ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ በማንኪያ እያጠጡ ያነጉ ነበር፤ ልጁ ቢያስመልሰው ጥቂት ቆይተው እንደገና ይጀምራሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ይጽፉ ነበር። በደብተራቸው እያንዳንዱን ልጅ በእናቱ ስም መዝግበዋል፤ አባቶች አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ርቀው ወይም ሞተው ስለነበር በአባት ስም መፈለግ እንደማያዋጣ ገብቷቸው ነበር። ቀጥሎ የመጡበት መንደር፣ የተከተቡበት ቀን፣ በመጨረሻም ልጁ ወደ አገሩ መመለሱ ወይም አለመመለሱ ተጽፏል።

ደብተሮቹ ዛሬ በሴት ልጃቸው ቤት፣ በአሮጌ የክትባት ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ቤተሰቡ ፈቃደኛ ነው። የጤና ወይም የታሪክ ተቋም ካለ፣ የሕሙማኑን ስም ጠብቆ ቅጂ እንዲያነሣላቸው፣ ጋዜጣችሁም ጥሪውን እንዲያስተላልፍልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን እንመርጣለን፤ የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ የ1977ቱ ደብተር ጠርዝም ቀለሙን መልቀቅ ጀምሯል።

ጡረተኛ ሳኒተሪያን
ከደሴ