ነጥቡ አለኝ፣ ግን አልገባኝም ላልከኝ ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ብቻ ፋታ አልሰጥ ብሎኛል።

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። መጀመሪያ የፊዚክስ ፈተናውን ሙሉ ማምጣትህን ነገርከኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ቀመሩን ሸምድጄ ነው እንጂ የገባኝ አይመስለኝም» አልክ። ይሄን በሁለት ቃል መመለስ አልፈለግኩም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

አንደኛ ነገር፣ አላዘንኩም። እንዲያውም ከነጥቡ በላይ ያስደሰተኝ እሱ ነው። የሸመደደውን ከገባው ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ ብዙ የለም። አብዛኛው ሰው ነጥቡን አይቶ የገባው ይመስለዋል፤ ዲግሪውን ይዞም እንደዚያው ይኖራል።

ደግሞም ብቻህን አይደለህም። ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር አለ። ተማሪዎቹ ይወዱታል፤ ፈተናውንም ደህና አድርገው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግን ዴቪድ ሄስተነስ የተባለ ፊዚሲስት ከባልደረባው ጋር የጻፈው ነገር እጁ ገባ። ተማሪዎች ሴሚስተር ሙሉ ሜካኒክስ ተምረውም ስለ እንቅስቃሴ ያላቸው እምነት እምብዛም አይለወጥም ይላል ጽሑፉ። ማዙር የእኔዎቹ እንዲህ ይሆናሉ ብሎ አላሰበም። ለማረጋገጥ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሰጣቸው። ስሌት የለበትም። አንድ ከባድ ካሚዮን ከትንሽ የቤት መኪና ጋር ቢጋጭ የትኛው በየትኛው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? እንዲህ ያለ ነው። ይሄኔ አንድ ተማሪ ጠየቀ፦ ልመልስ ያለብኝ እርስዎ እንዳስተማሩን ነው ወይስ እኔ እንደማስበው?

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይገርመኛል። ልጁ ሁለት ፊዚክስ ይዞ ነው የሚዞረው። አንዱ የክፍል ነው፤ ሌላው የራሱ።

እስቲ አንተም ወደ ታች ከመውረድህ በፊት መልስህን ያዝ።

እኩል ነው። ትንሿ መኪና በካሚዮኑ ላይ የምታሳርፈው ኃይልና ካሚዮኑ በእሷ ላይ የሚያሳርፈው አንድ ነው። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አንተም እንደ ውኃ ታንበለብለዋለህ። ግን የተጨማደደችውን መኪናና ጭረት ብቻ የነካውን ካሚዮን ስታይ ሆድህ «በጭራሽ!» ይልሃል። የሚለያየው ኃይሉ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ካሚዮኑ አሥር እጥፍ የሚከብድ ከሆነ፣ ያው ኃይል የትንሿን መኪና ፍጥነት አሥር እጥፍ አብልጦ ይቀይረዋል። ውስጧ የተቀመጠውን ሰው የሚጎዳውም ይሄ ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ማዙር ከዚያ በኋላ የማስተማር ዘዴውን ቀየረው። ረጅም ማብራሪያውን ቀነሰ። ጥያቄ ያነሳል፣ እያንዳንዱ ለብቻው መልስ ይመርጣል፣ ከዚያ ሌላ መልስ ከመረጠ ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፣ በመጨረሻ ሁሉም እንደገና ይመርጣል። ክፍሉ ይንጫጫል። መልሱ ገና አሁን የገባው ተማሪ ለጓደኛው ከመምህሩ በተሻለ ሊያስረዳው ይችላል፤ የት ጋ እንደሚያደናቅፍ ገና አልረሳማ።

አንተ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ራስህ አድርገው። ቀመሩን ከማውጣትህ በፊት ገምት። ግምቱን ደግሞ በወረቀት ጻፈው። በሆድ የተያዘ ግምት አይታመንም፤ መልሱን ሲያይ ቶሎ ብሎ «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት» ይላል።

ቤተ ሙከራ የለንም እንዳትለኝ። ኪስህ ውስጥ አለ።

ስልክህን ስታጋድመው ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው አክስለሮሜትር የሚባል የፍጥነት ለውጥ የሚለካ ቺፕ ስላለው ነው። ቺፑ ውስጥ ከሲሊከን የተቀረጸች ደቃቅ ክብደት አለች። የያዛትም የሲሊከን ስፕሪንግ ነው። ከእሷ የወጡ ስስ ዘንጎች፣ ከግድግዳው ከወጡ ሌሎች ዘንጎች ጋር እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ ተጠላልፈው ቆመዋል። ክብደቷ ቅንጣት ታህል ስትንሸራተት በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይቀየራል። ክፍተቱ ሲቀየር ካፓሲታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፣ ይቀየራል። ስልኩ የሚያነበው እሱን ነው። ያ የካፓሲተር ቀመር፣ ርቀቱ ከሥር የሚገባበት፣ ለፈተና ብለህ የሸመደድከው፣ በየቀኑ ስክሪንህን ሲያዞርልህ ነው የሚውለው።

ፊፎክስ የሚባል ነፃ አፕ አለ። ጀርመን አገር በአኸን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ፊዚሲስቶች የሠሩት ነው። አውርደውና አክስለሮሜትሩን ክፈት፤ ስበትንም የሚያካትተውን አማራጭ ምረጥ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ምንም ሳይንቀሳቀስ 9.8 (ሜትር በሴኮንድ ካሬ) አካባቢ ያሳይሃል። አሁን ከፍ አድርገህ ትራስ ላይ ልቀቀው፤ ከዚያ ግራፉን ተመልከት። እየወደቀ በነበረበት ቅጽበት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ታገኘዋለህ።

ቆም በልና አስበው። የቆመው ስልክ 9.8፣ እየፈጠነ የሚወድቀው ዜሮ። ገልብጦ ያነበበ አይመስልም? ግን ትክክል ነው። ቺፑ የመሬትን ስበት በቀጥታ አያውቀውም። የሚያውቀው ስፕሪንጉ ክብደቷን ምን ያህል እየገፋ እንደያዛት ነው። ጠረጴዛው ስልኩን ይደግፋል፣ ስፕሪንጉም ክብደቷን ይደግፋል። ስልኩ ሲለቀቅ ግን ሁሉም እኩል ይወድቃል፤ የሚደግፍም የሚደገፍም የለም። የጠፈር ተመራማሪዎች የሚንሳፈፉትም ለዚሁ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ ስበቱ መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ሰዎቹ ከጣቢያው ጋር አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው ክብደት የማይሰማቸው። አንስታይን በ1907 ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት እንደማይሰማው ሲያስብ የበራለት ነገር፣ አሁን ትራስና ስልክ ይበቃዋል።

ሊፍት ካገኘህ ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጠህ አብረኸው ወደ ላይ ውጣ። ሲነሳ ከ9.8 ከፍ ይላል፤ ሊቆም ሲል ዝቅ ይላል። መሃል ላይ፣ በእኩል ፍጥነት ሽቅብ እየሄደ ሳለ ስንት እንደሚሆን ግን ጓደኞችህን ቀድመህ ጠይቃቸው። ብዙዎቹ «ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ ይጨምራል» እንደሚሉህ እወራረዳለሁ። 9.8 ነው፤ ልክ እንደቆመው።

ሌላም የምከራከርህ ነገር አለኝ። አንድ ጊዜ «አፕላይድ ፊዚክስ የፊዚክስ ትርፍራፊ ነው፤ ዋናው ብላክ ሆልና ኳንተም ነው» ብለኸኝ ነበር። ያኔ ዝም አልኩህ። እኔ ቀኑን ሙሉ የምነካካው የሆስፒታል መሣሪያ ነውና አሁን ልናገር።

ጣት ላይ የሚሰካውን፣ የደም ኦክስጅን የሚለካውን ፐልስ ኦክሲሜትር ታውቀዋለህ። ስትፈታው በአንድ በኩል ሁለት ደቃቅ ኤልኢዲ አለ፣ በሌላው በኩል ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር። አንዱ መብራት ቀይ ነው፣ 660 ናኖሜትር ገደማ። ሌላው ኢንፍራሬድ ነው፣ 940 ገደማ፤ ለዓይን አይታይም። ኦክስጅን የጠገበ ደም ቀዩን በደንብ ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል። ኦክስጅን ያነሰው ደም በተቃራኒው ነው። እንግዲህ ሁለቱን ማወዳደር ነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ጣት ደም ብቻ አይደለም። ቆዳው፣ ሥጋው፣ አጥንቱ፣ ደም መልሱ ሁሉ ብርሃን ይውጣል። ከዚህ ሁሉ መሃል የደም ቅዳውን እንዴት ትለየዋለህ? መላውን ያገኘው ታኩኦ አኦያጊ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው። ሲነሳ ይሄን አልነበረም የፈለገው። ልብ የምትረጨውን የደም መጠን፣ ደም ውስጥ በተጨመረ ቀለምና በብርሃን ሊለካ ነበር። ልብ በመታች ቁጥር ግራፉ እየተንቀጠቀጠ አስቸገረው። መንቀጥቀጡን ለማጥፋት ሁለተኛ የሞገድ ርዝመት ጨመረ። ጠፋለት። የደሙ ኦክስጅን ሲቀየር ግን መንቀጥቀጡ ተመልሶ መጣ። ነገሩ የተገለጠለት እዚህ ጋ ነው። ከልብ ምት ጋር የሚዘልለው የደም ቅዳ ደም ነው፤ ቆዳና አጥንት አይዘልሉም። ሊያጠፋው ሲታገል የከረመው ነገር ራሱ መረጃው ነበር። ሐሳቡን በ1974 አቀረበ። ዛሬ ማደንዘዣ የወሰደን ሰው ለመከታተል ይህ መሣሪያ ዋና መደበኛ መሣሪያ ሆኗል።

ነርሶች «ተበላሽቷል» ብለው ያመጡልኛል። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ደህና ነው። የታካሚው ጣት ቀዝቅዞ ደሙ በደንብ ስላልደረሰ፣ የሚዘልል ነገር አጥቶ ነው። ጠቆር ያለ የጥፍር ቀለምም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል።

ነገሩ እዚህም አላለቀም። በ2020 መጨረሻ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደሙ ግን ኦክስጅን ያጠረው ታካሚ፣ በጥቁሮች ዘንድ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ተገኘ። ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። ስክሪኑ ላይ የምታየው መቶኛ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ተለክቶ ከተዘጋጀ ማመሳከሪያ የሚመጣ ነው። ማመሳከሪያው ሁሉንም የቆዳ ዓይነት በበቂ ካልያዘ ቁጥሩ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ይሄን ማስተካከል የብርሃን ፊዚክስ ነው፣ የሰው ነፍስም ነው። ትርፍራፊ ነው ትለኛለህ?

ጥያቄ ማንሳት የሚያሳፍርህ ከሆነ ደግሞ የኤራስቶ ምፔምባን ነገር ልንገርህ። በ1963 በዛሬዋ ታንዛኒያ ውስጥ ተማሪ ነበር። አይስክሬም ሲሠሩ ትኩሱን ወተት ሳያበርድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተው። የእሱ ትኩስ ወተት ካልፈላው የጓደኛው ወተት ቀድሞ በረዶ ሆነ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ተምታቶብህ ነው አለው፤ ክፍሉም ይስቅበት ጀመር። ልጁ ግን አልተወውም። ዴኒስ ኦስቦርን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት ትምህርት ቤታቸው ሲመጣ ጥያቄውን ደገመለት። ኦስቦርን ሄዶ አስሞከረው። በ1969 ሁለቱ አብረው ጽሑፍ አወጡ።

የሚጥመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ተጠንቅቀው ሲለኩ ነገሩን አላገኙትም። ቴርሞሜትሩ የገባበት ከፍታ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲለያይ ብቻ ትኩሱ ያሸነፈ ሊመስል እንደሚችልም አሳዩ። ክርክሩ እስካሁን አለ። በአንድ ተማሪ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው ይከራከራሉ፤ የሳቁበት ልጆች ያን ቀን የተማሩትን ግን እነሱም የሚያስታውሱት አይመስለኝም።

በል አባቴ፣ የቤት ሥራ ልስጥህ። ስልክህን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ብትወረውረው፣ ከእጅህ ወጥቶ ሽቅብ እየሄደ ሳለ አክስለሮሜትሩ ስንት ያነባል? ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲልስ? ሲወርድስ? ሦስቱን ቁጥር መጀመሪያ ጽፈህ ላክልኝ፣ ከዚያ ሞክረው። ፍራሽ ላይ ይሁን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ እኔ የምጠግነው የሆስፒታል ዕቃ ብቻ ነው።

እናትህ