የአጥንት መለኪያ መሣሪያው ሲገዛ ባለሙያውም ይሠልጥን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በራጅ ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራሁ ባለሙያ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በገዛ እናቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። የ71 ዓመት እናቴ ደጃፍ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ በመሰበሩ፣ ሐኪማቸው የአጥንት መሳሳት እንዳለባቸው ለማወቅ የአጥንትን ጥግግት በራጅ ጨረር በሚለካው በዴክሳ መሣሪያ እንዲለኩ አዘዙላቸው። ውጤቱ «ጤናማ» የሚል ነበር። ምስሉን ሳየው ግን በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ሁለት ክብ ነጫጭ ነገሮች ተደራርበዋል፤ እናቴ በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሯቸው ሳንቲሞች ነበሩ። መቀነታቸውን ያስፈታቸው ስላልነበረ መሣሪያው ብረቱን ከአጥንቱ ጋር ደምሮ ቆጥሮታል። ምርመራው ሲደገምና በመጀመሪያው ጊዜ የተዘለለው ዳሌያቸውም ሲለካ፣ ቲ-ስኮራቸው (የአጥንታቸው ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሰው አጥንት ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው ቁጥር) ነጌቲቭ 2.7 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ደግሞ ከነጌቲቭ 2.5 ጀምሮ ወደ ታች ያለውን የአጥንት መሳሳት ይለዋል።

በለካቻቸው ልጅ አልፈርድም። መሣሪያውን የተከለው ቴክኒሻን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹን አሳይቷት እንደ ሄደ ነግራኛለች። ዳሌ ሲለካ እግር ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ውስጥ መዞር እንዳለበት፣ የተጨፈለቀ አከርካሪ ጥግግቱ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ከስሌቱ መውጣት እንዳለበት በዚያች ሰዓት ማን ይማረዋል?

ከሁሉም የሚከፋው የክትትል ልኬት ነው። አንድ ባለሙያ ለምሳሌ 30 ታካሚዎችን ከአልጋው እያስነሳና መልሶ እያስተኛ ሁለት ሁለት ጊዜ በመለካት የራሱን የስህተት መጠን ካላወቀ፣ በዓመቱ የታየው የ3 በመቶ ለውጥ ከመድኃኒቱ ይምጣ ከአስተኛኘቱ መለየት አይችልም፤ ሐኪሙ ግን በዚያው ቁጥር ተመርቶ መድኃኒት ይቀይራል ወይም ያቋርጣል።

ስለዚህ ሆስፒታሎች መሣሪያውን ሲገዙ የባለሙያው ሥልጠና በግዥ ውሉ ውስጥ እንዲካተት፣ ውጤቱን የሚያነቡ ሐኪሞችም ከቁጥሩ በፊት ምስሉን ማየት እንዲለማመዱ የሚመለከታቸውን ሁሉ እማጸናለሁ። እናቴ መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መሣሪያ ይለካሉ። ያቺ ልጅ እስከዚያ በሚገባ ሠልጥና እንድትጠብቃቸው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የራጅ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ