ቢራቢሮዋ ቦሌ ትራንዚት ታደርጋለች እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ብርቱካናማዋ የሳቫና ቢራቢሮ፣ ስለ ዳናውስ ክሪሲፐስ፣ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጽሑፉስ ይሁን። የምትኖርባቸውን አገሮች የሚያሳየው ካርታ ግን አናደደኝ። ሱዳን ቀለም ተቀብታለች። ኬንያም፣ ሶማሊያም፣ ባሕር ተሻግሮ የመንም። ኢትዮጵያ ግን መሐላቸው ነጭ ሆና ቀርታለች። እንግዲህ ቢራቢሮዋ ከኬንያ ሱዳን የምትሄደው ቦሌ ትራንዚት እያደረገች መሆን አለበት።

እኔ መተሐራ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚህ መንገድ ዳር ጦቢያው ሞልቷል፤ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚፈሰው ቁጥቋጦ ማለቴ ነው። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩት ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለው አባጨጓሬ ታገኛላችሁ። ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ መሳይ ነገር አለው። የእሷ ልጅ ነው። የምግቡ ተክል ባለበት እሷ የማትኖርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በማግስቱ አንድ ተማሪዬ ጋዜጣችሁን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ እኛ ጋ የለችም ይላል እኮ።» ከእኔና ከጋዜጣው ማንን ይመን? ጋዜጣው ባለ ቀለም ነው። ስልክ ብደውልላችሁ «ካርታውን ከውጭ ነው ያገኘነው» ተብሎ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

ምናልባት ግራ ያጋባችሁ መልኳ ይሆናል። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት አለው ብላችኋል። እንዲህ ያለችም አለች፣ አልክድም። በአፍሪካ ቀንድ ቆላ በብዛት የምትታየው ግን ያ ጥቁር ጫፍ የሌላት፣ ዶሪፐስ የሚሏት ናት። ዝርያቸው ያው አንድ ነው፤ እርስ በርስ ይራባሉ። ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል፣ መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ አለች። ሴቷ ወፍ ለማታለል የመርዛማዋን የዳናውስን መልክ ትቀዳለች፣ የዶሪፐስን ሳይቀር። አስመሳይ እንኳ የለየቻትን እናንተ መለየት አቃታችሁ?

በሰቃ ሐይቅ ሲሞላ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ከባድ መኪና ሲገለበጥ መተሐራን አታጧትም። ያኔ ካርታው ላይ ከነቀስቷ አለች።

እርማት አውጡ። ስታወጡም እንደ ልማዳችሁ ከሐራጅ ማስታወቂያ ሥር በጥቃቅን ፊደል አትቅበሩት። ካርታው የወሰደው ግማሽ ገጽ ነበር።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከመተሐራ