አበባው ያምራል፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ጣና እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። የሐይቅ ወሬ በስልክ አያልቅም ብዬ ነው።

በሥራ ጉዳይ ደንቢያ ወርጄ ነበር። እምቦጩ ዳርቻውን አልብሶታል። አብሮን የሄደ የአዲስ አበባ ልጅ ከመኪና ወርዶ «ወይኔ፣ ሲያምር!» አለና ፎቶ ማንሳት ጀመረ። አልተሳሳተም፤ ወይን ጠጅ አበባው አረንጓዴው ላይ ፈክቶ ሲታይ ዓይን ይይዛል። አጠገባችን የቆመ ዓሣ አጥማጅ ግን ልጁን ዝም ብሎ አየው። ለእሱ ያ አበባ መረቡን የሚይዝበት፣ ታንኳውን መንገድ የሚያሳጣው ጠላት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም ገደማ ወዲህ ስንቱ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው! ልጁ ይህን ሲሰማ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ግን ሁሉንም እያወቅሁ አበባው አሁንም ለዓይኔ ያምራል። ያናድዳል እኮ!

እርስዎ «ያምራል» ሲሉ የሰማሁዎት ለቀላ ቡና ብቻ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ እንግዳው ሁሉ ካሜራ ሲያወጣ፣ እርስዎ ለሐይቁ ጀርባዎን ሰጥተው ጆንያ ይቆጥሩ ነበር። «ባላገር ተፈጥሮን የሚያየው ለጥቅሙ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ግን አልስማማም። ሐይቁ ዳር ባለችው በእኛዋ ዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ደኑ እስካሁን የቆመውም በዚህ ሥርዓት ነው። ያንን ዋንዛ ሊቆርጥ በመጣው ሰውዬ ላይ እንዴት እንደተቆጡ አልረሳውም። ምክንያትዎ «ቡናው ጥላ ያጣል» የሚል ነበር። ለጥላ ብቻ እንደዚያ አይጮህም፣ አባባ። ይካዱኝ እንጂ።

ጢስ ዓባይንም አየሁት። የድሮው አንድ ብር ኖት ላይ ያለውን አይጠብቁ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ከክረምት ውጭ ይሳሳል። አብረውኝ የነበሩት ልጆች የድሮውን ስለማያውቁ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም «ድሮ ቢሆን ኖሮ» እያልኩ ደስታቸውን አልነካሁባቸውም።

አዲሱ የዓባይ ድልድይማ በ2016 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ፎቶ የማይነሳበት ወጣት የለም። እርስዎ እዚህ ቢሆኑ «ውሃው ዘንድሮ ምን ያህል ሞላ?» ነበር የሚሉት። እሱም ቢሆን ማየት ነው።

ሐኪሙ ሲያሰናብትዎ ወደ ዘጌ በመኪና አንሄድም፤ በጀልባ ነው የምንሻገረው። ፊትዎን ወደ ውሃው አድርገው ነው የሚቀመጡት፣ ካሁኑ ልንገርዎ።

በአክስቴ ልጅ እጅ የዘጌ ቡና ልኬያለሁ። እህቴ ስትቆላው እንዳታሳርረው አደራ ይበሉልኝ። ባለፈው የላክሁትን ከሰል አድርጋዋለች አሉ።

ልጅዎ፣
ከባሕር ዳር