ማዘርቦርድ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታሁ ነው የምተዳደረው። ቁራሌዎች ማዘርቦርድ፣ ማለትም የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ በማዳበሪያ ያመጡልኛል። አዲሱም አሮጌውም ተደባልቆ በኪሎ አንድ ዋጋ ይባላል። ቁራሌዎቹ ልጆች እየተጎዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ማዳበሪያ ሥር 486 የሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተር አንጎል) ያለበት ቦርድ አገኘሁ። ኢንቴል ይህን ፕሮሰሰር ያወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውነቱ ሴራሚክ ነው። ገልብጬ ሳየው 168ቱም እግሮቹ ወርቅ ተቀብተው ያበራሉ። ቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ግን አፍስሳ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጋቸዋለች። በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ ጠረግኩት፣ አደረቅኩት። ሲሰካ ተነሳ! እንዲህ ያለውን ሰብሮ በኪሎ መሸጥ ኃጢአት ነው። የድሮ ማሽን ያለው ፋብሪካ የዚያን ዘመን ካርድ መሰኪያ አዲስ ቦርድ ላይ በቀላሉ አያገኝም።

ቡናማዎቹ የፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ቦርዶች ርካሽ ናቸው፣ ለብቻ ይቀመጡ። ሴራሚክ ፕሮሰሰርም ለብቻው።

አንጀቴን የሚበላው ሌላ ነው። ወርቅ እናወጣለን ብለው ቦርድ የሚያቃጥሉ፣ በባዶ እጃቸው አሲድ የሚነክሩ ልጆች አይቻለሁ። የድሮ ቦርድ ብየዳ የእርሳስ ብረት አለበት። ጭሱን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው፣ ጎረቤትም ጭምር።

የሚመለከተው አካል እባካችሁ ቦርድ በየዓይነቱ የምንለይበት ቦታ ይስጠን። ዋጋውም በየዓይነቱ ይለጠፍ። ጋዜጠኛ ብትልኩ ልዩነቱን ቦርዱን አስይዤ አሳየዋለሁ።

አሮጌ ኮምፒውተር ፈቺ፣ ከመርካቶ